አንተ ያልኳቸው ቄስ

ደብረ ብርሃን የገባሁት በነጠላ ጫማ ነው። ድሬዳዋ ስሳፈር ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳ ነበር። አዲስ አበባ አድሬ፣ በማግስቱ ጫጫን አልፈን መናኸሪያ ስወርድ ግን የእግሬ ጣቶች የራሴ መሆናቸውን ተጠራጠርኩ። ባጃጅ ውስጥ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብርዱን ለመድኩት። ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደረብኩ፣ ጃኬቴን ለብሼ መተኛት ጀመርኩ፣ በቃ። እስከ ዛሬ አልለመድ ያለኝ «እሺ» የሚለው ቃል ነው።

ዩኒቨርሲቲው የመደበኝ ዶርም ውስጥ በጣም የምንቀራረበው ሦስት ነበርን። አንዷ የአንኮበር ልጅ ናት፤ አባቷ ቄስ ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አልጋዋን ሳታነጥፍ የማትወጣ ልጅ። ሌላዋ ከአረርቲ የመጣች የእህል ነጋዴ ልጅ ናት። ተረበኛ ናት፤ የመምህሮቻችንን አረማመድ ከነሳላቸው ትቀዳዋለች። ስማችንን ትተን በመጣንበት አገር ነበር የምንጠራራው። አንኮበር፣ አረርቲ፣ ድሬ። ድሬ እኔ ነኝ።

ያደግኩበት ግቢ ብዙ ተከራይ የሚኖርበት ነው። የአንዱ ሬዲዮ ሲዘጋ የሌላው ይከፈታል፤ እኔም ሙዚቃ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ አልጋዋ ከአልጋዬ ጎን ስለሆነ፣ አንኮበርን ጠየቅኳት።

«ስልኬን ከፍቼ ብተኛ ይረብሽሻል?»

«ኧረ ምንም አይደል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ክፈችው።»

ከፈትኩት። ከወር በላይ ከፍቼ ተኛሁ። አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ አረርቲ «ድሬ፣ ይቺ ልጅ ባንቺ ሙዚቃ ምክንያት ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቃ እንደምታድር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እርጥብ ሹራቤን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት አንኮበርን።

«ደስ ካለሽ ብዬ ነዋ።»

«እኔ እኮ ጠይቄሻለሁ!»

«እሱማ ጠይቀሽኛል» አለች፣ መጠየቄ ራሱ ትንሽ ነውር እንደነበረ ሁሉ።

ምን ልበላት? እኛ ጋ የረበሽሽው ሰው «አቦ ዝጊው፣ ራሴን አዞርሽው!» ብሎ ይጮህብሻል። አንቺም ትጮሂያለሽ፤ ትዘጊዋለሽ፤ ከሰዓት ያው ሰው ሳምቡሳ ገዝቶ ይጠራሻል። እዚህ ግን አንዲት ሴት በእኔ ምክንያት ስትሰቃይ ከርማ በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ» ብላ ፈገግ ትልልኛለች። ያን ዕለት በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም፤ የሚቆጣ ሰው ጠፍቶ ብቻዬን ተቆጥቼ ዋልኩ።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ አንድ መምህራችን የቡድን አሳይመንት ሰጠን። በአካባቢው ጠብ እንዴት እንደሚበርድ፣ ሽማግሌዎች ሰውን እንዴት እንደሚያስታርቁ፣ አንድ አዋቂ አነጋግረን እንድንጽፍ ነው። ሦስታችን አንድ ቡድን ሆንን። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የአንኮበር አባት በዚህ ነገር ስመ ጥር ናቸው። ድንበር የተጋፋ፣ በውርስ የተካሰሰ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሁሉ እሳቸው ጋ እንደሚሄድ ከእሷው ሰምተናል።

«አባትሽ ጋ እንሂዳ» አልኳት።

«እሺ።»

«ቅዳሜ?»

«እሺ፣ እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ሲደርስ እናቷን ትንሽ አሟቸው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገዱ ጭቃ ነው ተባለ። ከዚያ የአጎቷ ልጅ ተዝካር ሆነ። በየመሃሉ ስጠይቃት ግን መልሷ ያው ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጣል ያደረገ «እሺ»።

«ድሬ፣» አለችኝ አረርቲ፣ «እሺ ማለት አንዳንዴ እምቢ ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረሽም?»

«እሺ ማለት እሺ ነው!»

«ባንቺ አገር።»

«ታዲያ አልፈልግም ለምን አትለኝም? ሌላ ሽማግሌ እንፈልግ ነበር!»

«አሁን አባቴ ጋ አትምጪ ትበልሽ?»

ለምን እንደማትፈልግ እንኳ አልገባኝም። ቤታቸው ድሃ ስለሆነ አፍራ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቤ በር ላይ ቆምኩና «ዛሬ ካልሄድን እኔ ከራሴ ፈጥሬ እጽፈዋለሁ» አልኩ። አንኮበር ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየችና «ድሬ» አለችኝ።

«ወይ?»

«አባዬ እኮ ትንሽ የድሮ ሰው ናቸው።»

«ጥሩ ነዋ፣ የድሮ ሰው አይደል የምንፈልገው?» አልኳት።

ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ያ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጎረቤላ ስንወርድ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ሰዉን ከወገቡ በታች ውጦት ነበር። ዳገቱን በእግር ወጣን፤ አረርቲ በየመሃሉ ቆማ «ድሬ፣ ሳንባሽን እዚህ ጥለሽዋል፣ አንሺው» እያለች ትስቃለች። ቤቱ ሞቅ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር። ረጅም ናቸው፤ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ። አንድ ጎረቤት ሽማግሌም ከጎናቸው ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ዘረጉልን፣ ተሳለምን፣ ተቀመጥን።

እናቷ ምሳ አቀረቡ። በላሁ፤ ጠገብኩ። «ብይ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ጠግቤያለሁ።» «ኧረ በሞቴ!» «አይ፣ እውነቴን ነው፣ አልፈልግም» ብዬ በእጄ ትሪው ላይ አሳየኋቸው፤ የቱ ጋ እንዳቆምኩ እንዲያዩት። አረርቲ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እዚህ አገር ሰው ጠግቦም ትንሽ መለመን፣ ትንሽ መግደርደር፣ ከዚያ አንድ ጉርሻ መቀበል እንዳለበት እኔ ከየት አውቃለሁ? የጠገበ ሰው ጠገብኩ ይላል እንጂ።

ምሳው ተነሣና ቆሎ መጣ። ስልኬን ለመቅዳት ከፍቼ ዱካው ላይ አስቀመጥኩት። የቡድኑ ተናጋሪ እኔ ነኝ፤ ማንም አልመረጠኝም፣ ሌሎቹ ዝም ስላሉ ነው።

«አንተ ሽምግልና የጀመርከው ስንት ዓመት ሲሆንህ ነው?» አልኳቸው።

ቤቱ ውስጥ ቆሎ መታኘክ አቆመ። እናቷ ጠላ ሊቀዱ ያነሱትን ማንቆርቆሪያ መልሰው አስቀመጡት። የጎረቤቱ ሽማግሌ ጣራውን ማየት ጀመሩ። እኔ ይህን ሁሉ አየሁ፤ ግን እንግዳ ልጅ ቁም ነገር ስትጠይቅ ሰው በአክብሮት ዝም ያለ ነው የመሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። «አንቱ»ን አላውቅም ማለት አይደለም። ትምህርት ቤት ሰዋስው ፈተና ላይ ክፍት ቦታ ሞልቼበታለሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን ድሬ ውስጥ አያቴን አንቺ ብዬ ነው ያደግኩት። የሰፈራችንን ሼህ አንተ እንላቸዋለን፤ የቀበሌውን ሊቀ መንበርም እንዲሁ። አንቱ የምንለው ለፖሊስና ለዳኛ ነው፤ ልባችን ለማይቀርበው ሰው። ግቢ ውስጥ ደግሞ መምህሩን ሁሉ «ቲቸር» ብሎ ማለፍ ስለሚቻል ማንም አልነቃብኝም። ያን ዕለት እኚህን ደርባባ አባት ወድጃቸዋለሁ። ለወደድኩት ሰው ደግሞ ሌላ ቃል የለኝም።

«እንግዲህ ልጄ፣ እግዚአብሔር በፈቀደ ጊዜ ነው» አሉ ቄሱ፣ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ።

«ሁለት ሰዎች ድንበር ተጋፍተው ቢመጡ ምን ታደርጋለህ?»

አንኮበር እግሬን ረገጠችኝ።

«ምነው፣ እግሬን ለምን ትረግጪኛለሽ?» አልኳት፣ ጮክ ብዬ።

«ይቅርታ፣ ሳላይ ነው» አለች። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«እንደየሁኔታው ነው» አሉ ቄሱ።

«አጥፊው አላጠፋሁም ካለስ?»

«እሱን ፈጣሪ ያውቃል።»

«አንተስ ምን ታውቃለህ?» አልኳቸው። የእሳቸውን ሐሳብ መስማት ፈልጌ ነው፤ ከልቤ ነው የጠየቅኩት።

«እኔማ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የጠየቅኳቸው ሁሉ እንዲሁ ነው የተመለሰልኝ። እንደየሰዉ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። የድሮ ሰው ይሻል ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያስታረቁ አዋቂ፣ ከአፋቸው አንድ ቁም ነገር ማውጣት አቃተኝ። ስንሰናበት ግን መረቁን፤ እናቷ የባቄላ ቆሎ ቋጠሩልን፤ «ደግማችሁ ኑ» አሉን። «እሺ፣ እንመጣለን» አልኩ። እኔ ስል ደግሞ የምሬን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንኮበር ተለወጠች። አልተሳደበችም፣ ፊቷን አላጠቆረችም። ይልቁንም ትሁት ሆነችብኝ። ከበፊቱ የባሰ ትሁት። ቧንቧው ጋ ስንገናኝ «ይቅርታ፣ ልለፍ» ትለኛለች። ቁርስ ስትሄድ ትቀሰቅሰኝ የነበረችው ልጅ አሁን በጣቶቿ እየተራመደች ትወጣለች፤ እንዳትረብሸኝ። ድሬ ማለቷን ትታ በሙሉ ስሜ ጠራችኝ። ያኔ ደነገጥኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«አስቀይሜሻለሁ?»

«ኧረ በፍጹም! ምን አድርገሽኝ?»

«ታዲያ ለምን አታወሪኝም?»

«እያወራሁሽ እኮ ነው።»

እያወራችኝ ነበር፣ እውነቷን ነው። በሩን አጥብቆ ዘግቶ በቁልፉ ቀዳዳ ሰላም እንደሚል ሰው። አረርቲንም ጠየቅኳት፤ «እኔ በሰው ነገር አልገባም» አለችኝ። ያቺ በማንም ነገር ገብታ የምትፈተፍት ልጅ!

አሳይመንቱን እኔ ጻፍኩት። የተቀዳውን ደጋግሜ ሰማሁት፤ ከእኔ ጥያቄ በቀር የሚጻፍ የለበትም። መምህሩ ሲመልስልን ከላይ በቀይ «ሽማግሌው ያልነገሯችሁ ነው ወይስ እናንተ ያልጠየቃችሁት?» ብሎ ጽፎበታል፤ ነጥቡም እንደዚያው ነው። ወረቀቱን ሳሳያት አንኮበር «አይዞሽ፣ ደክመሽበታል» አለችኝ። ያኔ ወረቀቱን ልቀደው ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ የፈረጠው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በአረርቲ ቀልድ ነው። ውጪ በረዶ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፤ ማንም የትም አይሄድም። አረርቲ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበራት። ዶርም ውስጥ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በባልዲ ውስጥ እርጥብ ልብስ ከላይ ደርባበት ነበር የምታኖረው። እሷን አውጥታ ሻይ ጣደችና የእኔን ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናንባ፣ የመወልወያውን እንጨት ተመርኩዛ፣ ሻንጣዋ ላይ ጉብ አለች።

«ስሙ! አውጫጭኝ ተቀምጠናል!» አለች፣ ድምጿን አጎርንና። «በዚህ ዶርም ውስጥ ማን ማንን እንዳኮረፈ ያየ፣ የሰማ፣ ይናገር! የደበቀ ሻይ አይጠጣም!»

ሳቅን። አንኮበርም ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ከሳሽ ቁሚ!»

«ተይ ባክሽ» አለች አንኮበር፣ አፏን በነጠላ ሸፍና።

«ተከሳሽስ?»

እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። «ያጠፋሁትን ንገሩኝና ልካስ!»

አረርቲ መወልወያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በቀስታ አዛወረች፣ ጣራውን አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ልጆቼ… እንደየሁኔታው ነው።»

ቄሱን ቁጭ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። አንኮበር ግን ብድግ አለች።

«አባቴን አትቅጂ!»

አረርቲ ብርድ ልብሱን አወለቀች። «ኧረ ለጨዋታ ነው…»

«የተናደድኩት ባንቺ አይደለም!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፤ ድምጿ እንኳ የሷ አይመስልም። «አባቴን፣ በገዛ ቤታቸው፣ በእናቴ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ አንተ አልሻቸው! አገር የሚነሣላቸውን ሰው! እንደ በግ እረኛ አንተ፣ አንተ፣ አንተ! ‹አንተስ ምን ታውቃለህ› አልሻቸው! እናቴ አለቀሰች፣ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለችውን ጓደኛ ከየት አመጣሽ ብላ አለቀሰች!»

የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? መጀመሪያ እፎይታ ነው። ለካ ነገር ነበር! ከዚያ ንዴቱ መጣ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ጮህኩ እኔም። «ያኔውኑ፣ እዚያው፣ ‹አንቱ በይ› ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«እግርሽን ረገጥኩሽ!»

«እግር መርገጥ ቋንቋ ነው እንዴ?»

«ሚኒባስ ውስጥም ነግሬሻለሁ!»

«ምን ብለሽ?»

«የድሮ ሰው ናቸው አልኩሽ!»

«እሱ ነው ንግግር? እኔ አያቴን አንቺ ነው የምላት! ስለምወዳት! አባትሽንም ወድጃቸው ነው!»

«እኔ እንዴት አድርጌ ላውቅ?»

«በመጠየቅ!»

«እንግዳዬን በቤቴ ላሳፍር?»

«እንግዳሽ አይደለሁም! አንድ ዓመት ሙሉ አጠገብሽ የተኛሁ ሰው ነኝ!»

አንኮበር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ፤ በንዴት ይሁን በምን አላውቅም። አረርቲ መሃል ላይ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና ሳንከፍተው ተከፈተ። የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ ናቸው፤ ጩኸታችን ከበረዶው በላይ ተሰምቶ ነው የመጡት። ዓይናቸው ቀጥታ ምድጃው ላይ አረፈ። ሻዩ ይንተከተካል።

«ይህ የማን ነው?»

«እንጃ፣ እኛም አሁን ገና ነው ያየነው» አለች አረርቲ፣ ፍጹም ቅን በሆነ ፊት።

አንኮበር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የኛ ነው» አልኩ እኔ እንባዬን እየጠረግኩ። «ባክሽ አትውሰጂው፣ በርዶን ነው። አንቺስ አይበርድሽም?»

ፕሮክተሯ የእናቴ እኩያ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ? ማንን ነው አንቺ የምትዪው?»

«አይ፣ እሷ የድሬ ልጅ ናት» አለ ከኋላዬ አንድ የታፈነ ድምጽ። አንኮበር ናት፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «ለሁሉም እንደዚያው ናት፤ ንቀት አይደለም።»

ፕሮክተሯ ምድጃውን ነቅለው ከነሻዩ ይዘውት ሄዱ። ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፤ አረርቲም ሙሉ ሳምንት «እንጃ ማለት ምን ያቅትሻል? እንጃ!» እያለች ስትነጫነጭብኝ ከረመች። አንኮበር ስለኔ መናገሯ ደስ አሰኝቶኛል፤ አልክድም። ግን ይኸው፣ ለፕሮክተሯ በአንድ አፍታ ያስረዳችውን ለአባቷ ማስረዳት አቅቷት ነው ያን ያህል ጊዜ የቀጣችኝ። እንዴት አልናደድ?

ከዚያ በኋላ ሰኔ ገብቶ፣ አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ አንኮበር ጠበቀችኝ።

«አባዬ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት መጥተዋል። ሊያዩሽ ይፈልጋሉ።»

«እኔን? ለምን?»

«ሰላም ሊሉሽ ነው እንጂ።»

«እውነቱን ንገሪኝ። ተቆጥተዋል?»

ልማዷ መጣባት፤ ምላሷ ላይ «ኧረ ምንም» ሲደርስ አየሁት። ዋጠችው። «አላውቅም» አለች። «ብቻ አንቱ በያቸው፤ በቃ።»

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘናቸው። እስከዚያ ድረስ በሆዴ «እንደምን ዋሉ፣ እንደምን ዋሉ» እያልኩ ነው የሄድኩት። መስቀል ተሳለምኩ፤ ሰላምታዬን አልኩት፤ ተቀመጥኩ። አንቱ ማለት አንድ ቃል አይደለም፤ ግሱ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። አንዱ ቦታ ብስት እንደገና ላዋርዳቸው ነው። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

«ያን ዕለት ብዙ ትጠይቂ ነበር» አሉ ቄሱ። «ዛሬስ ምነው?»

«እንዳልሳሳት ፈርቼ ነው።»

ሻያቸውን አማሰሉ። «ልጄ የሆነውን ነገረችኝ። ያገርሽን ልማድም ነገረችኝ። አልዋሽሽም፤ ከፍቶኝ ነበር።»

እነሆ! እዚህ አገር ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋኝ የሚል ሰው አገኘሁ።

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ቤቴ የመጣን እንግዳ እንዴት ብዬ እቆጣለሁ?»

«ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኛ ጋ ዝም የሚባለው የተጠላ ሰው ነው። አሁን ይቆጡኝ።»

«አሁንማ አልፏል» አሉ፣ እየሳቁ።

አልፏል! እኔ ሳልሰማው፣ ሳልመልስ፣ ይቅርታም ሳልጠይቅ፣ በኔው ጉዳይ የነበረው ቁጣ መጥቶ ሄዷል። ፊቴን አይተው ይሁን አላውቅም፣ ቄሱ ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ።

በባሕር ዛፍ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ አሉኝ። አንዱ የሌላውን ቆርጦ ሸጦታል። «መጀመሪያ ያጠፋው ቤት እሄዳለሁ። ጠላውን ጠጥቼ፣ ቤተሰቡን ባርኬ እወጣለሁ፤ ስለ ዛፉ ትንፍሽ አልልም። ሁለተኛ እሄዳለሁ፤ ስለ ከብቱ እንጫወታለን። ሦስተኛ ስሄድ ራሱ ያነሣዋል።»

«ባያነሣውስ?»

«አራተኛ እሄዳለኋ።»

«ጊዜ አይፈጅም?»

«ይፈጃል እንጂ።»

«በመጀመሪያው ቀን ለምን ቆረጥክ ብለው አይጠይቁትም?»

«ከጠየቅኩትማ አልቆረጥኩም ይላል። አንዴ አልቆረጥኩም ካለ ቃሉን አያጥፍም፤ እልህ ይገባል። እኔ የምሄደው እንዳይዋሽ ጊዜ ልሰጠው ነው።»

ብዙ ነገሩኝ። ለየብቻ ሲያናግሩ የሚሉትን፣ መጨረሻ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ካሣው ለምን በሰው ፊት እንደማይቆጠር። አሳይመንቱ ከተመለሰ ቆይቷል፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ወርቅ ነገር እያፈሰሱልኝ እኔ አንጀቴ ይቃጠላል። መምህሩ ቢሰማ! አንድ ቦታ ላይ ተረስቶኝ «ታዲያ አንተ—» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። አንኮበር ብርጭቆዋን አየች። ቄሱ እንዳልሰማ ሆነው ቀጠሉ። ዓይናቸው ሥር ግን ቆዳቸው ጭምድድ ሲል አይቻለሁ፤ ዛሬም እንደከፋቸው ነው፤ እየቻሉኝ ነው። ያ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

ከአንኮበር ጋር እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብረን ነበርን፤ ዘንድሮም አንድ ዶርም ጠይቀን ነው የገባነው። አንዳንዴ ፊት ለፊት ትነግረኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ያቅታትና ለአረርቲ ትነግራታለች፣ አረርቲ ለእኔ ታመጣዋለች። እኔም አንዳንዴ ልጠይቅ ብዬ እተወዋለሁ። ሁለታችንም ይሄ የሚደክመን ይመስለኛል። ባለፈው በአንድ ተራ የልብስ ሳሙና ጉዳይ ተኮራርፈን፣ ማን ማንን እንዳስቀየመ ሳይታወቅ ሳምንት አለፈን።

በመሃሉ ክረምቱን ድሬ ነበርኩ። በደረስኩ ማግስት ከግቢ ስወጣ ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ በእጃቸው ያጎረሱኝ ሴት ናቸው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከአፌ አምልጦኝ «እንደምን አደሩ?» አልኳቸው።

ማንኪያቸውን ዘይቱ ላይ አንጠልጥለው ቀና አሉ። «ማንን ነው?»

«እርስዎን… አንቺን።»

«አቦ ምን አድርጌሽ ነው?» አሉኝ፣ ከልባቸው ተቀይመው። «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብለሽ ነው? እናቷን ጥሯት! ነይ ስሚ፣ ልጅሽ አንቱ አለችኝ!»

እናቴ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከራዮች ወጡ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ ሁሉም ይጮህብኛል። እኔ ፀሐዩ ላይ ቆሜ፣ እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ የተማርኩትን ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ ማንም አይሰማኝም።